የሰው ስፐርም ኢዙሞ1 ፕሮቲንን የሚለይ የጥንቸል አንቲቦዲ፦ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ የቀረበ ግምገማ

በምሠራበት የወንድ ሥነ ተዋልዶ ምርምር ላቦራቶሪ ላለፉት ሁለት ዓመታት የተገለገልንበትን፣ በሰው የወንድ ዘር ህዋስ (ስፐርም) ላይ የሚገኘውን ኢዙሞ1 የተባለ ፕሮቲን ለመለየት የተዘጋጀ አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) በዚህ ጽሑፍ እገመግማለሁ። ምርቱ ከጥንቸል ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) የተጣራ ፖሊክሎናል፣ ማለትም የብዙ ዓይነት አንቲቦዲዎች ድብልቅ ነው። በ100 ማይክሮሊትር መጠን በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ የተቀመጠበት ፈሳሽ ግማሽ ያህሉ ግሊሰሮል ሲሆን፣ ተህዋስያን እንዳያበላሹትም 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ተጨምሮበታል። የአምራቹን ስም የተውኩት አስቤበት ነው። ከታች የማነሣው ቅሬታ በአንድ የምርት ዙር ላይ የደረሰ በመሆኑ፣ አንባቢው ከስም ይልቅ እጁ ላይ ያለውን ብልቃጥ እንዲመረምር እፈልጋለሁ።

ድምዳሜዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ይህ አንቲቦዲ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው ከለየ በኋላ በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዘዴ) እና በተገቢው መንገድ በተዘጋጀ ስላይድ ላይ የሚታመን ውጤት ይሰጣል። በሕይወት ባለ ስፐርም ላይ ለሚደረግ ሥራ ግን አልመክረውም። ከሁሉ በላይ ግን ገዢው ማወቅ ያለበት በመረጃ ወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው «የስፐርም ገጽ ፕሮቲን» የሚለው አገላለጽ ግማሽ እውነት መሆኑን ነው። ኢዙሞ1 ገጽ ላይ የሚወጣው ጊዜውን ጠብቆ ነው፤ ይህን ሳይረዳ አንቲቦዲውን የሚጠቀም ሰው ትክክለኛውን ውጤት ስህተት፣ ስህተቱንም ትክክለኛ ውጤት አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

ፕሮቲኑ የታወቀው በ2005 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ናኦካዙ ኢኖዌ፣ ማሳሂቶ ኢካዋ፣ አያኮ ኢሶታኒና ማሳሩ ኦካቤ ግኝታቸውን ያሳተሙት ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲሆን፣ ስሙንም የወሰዱት በአገራቸው የጋብቻ በረከት ከሚለመንበት የኢዙሞ ቤተ መቅደስ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መነሻቸው ራሱ አንቲቦዲ መሆኑ ነው፤ የአይጥ ስፐርም ከእንቁላል ጋር እንዳይዋሐድ የሚከለክል አንድ አንቲቦዲ በእጃቸው ነበረ፣ አንቲቦዲው የሚይዘው ምን እንደሆነ ሲፈልጉ ደግሞ ይህን ፕሮቲን አገኙ። ዘረመሉ እንዲጠፋ የተደረገባቸው ወንድ አይጦች ጤናማ ሆነው መካን ነበሩ። ስፐርማቸው መልኩ የተስተካከለ ነው፣ የእንቁላሉንም ውጫዊ ሽፋን ሰንጥቆ ይገባል፤ ነገር ግን ከእንቁላሉ ጋር መዋሐድ አይችልም። በዚሁ ጥናት በሰው ኢዙሞ ላይ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሲጨመር፣ የሰው ስፐርም ሽፋናቸው ከተገፈፈ የሃምስተር እንቁላሎች ጋር መዋሐድ ተስኖታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሳንገር ኢንስቲትዩት የጋቪን ራይት ቡድን በእንቁላል ላይ ያለውን ተጣማሪ ፕሮቲን አግኝቶ ጁኖ ሲል ሰየመው። እንግዲህ ይህን አንቲቦዲ የሚገዛ ተመራማሪ የሚፈልገው የፅንስ መጀመሪያ ከሆነችው ቅጽበት ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ መሥራት ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በስፐርም ራስ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ፣ በኢንዛይሞች የተሞላ አክሮሶም የሚባል ከረጢት አለ። አክሮሶሙ እስካልተከፈተ ድረስ ኢዙሞ1 ከውጭኛው ሽፋን ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ስፐርሙ በሴቷ አካል ውስጥ፣ ወይም እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ በምናዘጋጅለት ፈሳሽ ሲበስልና አክሮሶሙ ሲከፈት፣ የውጭኛው ሽፋን ይገፈፍና ፕሮቲኑ በራሱ ገጽ ላይ ይገለጣል፤ ራሱን እንደ መቀነት ወደሚዞረው መካከለኛ ክፍልም ይስፋፋል። በመሆኑም ያልተከፈተ፣ ጤናማና ሕያው ስፐርም በዚህ አንቲቦዲ ሲቀባ ጨለማ ሆኖ መታየት አለበት። ትኩስ ናሙና ላይ ሽፋኑን ሳይከፍት አንቲቦዲውን የጨመረ ሰው ሁሉም ራሶች ሲበሩ ካየ፣ ሊደሰት ሳይሆን ሊጠረጥር ይገባዋል፤ አንድም ስፐርሞቹ ሞተው ሽፋናቸው ተቀዷል፣ አንድም አንቲቦዲው ያለ ቦታው ተጣብቋል።

ይህን ነገር ይበልጥ ያስተዋልኩት በአገር ቤት የማስተርስ ጥናቷን ትሠራ ከነበረች አንዲት ተማሪ ጋር በተጻጻፍንበት ወቅት ነው። አንድ ቀን ማታ የስላይድ ፎቶግራፍ በስልኬ ላከችልኝ፤ ሥሩም «ጋሼ፣ ይዩልኝ፣ ሁሉም በርቷል!» ይላል። ፎቶውን አጉልቼ ስመለከት ራሶቹ በሙሉ ቀይ ናቸው፤ ግን ከራሱ ቀጥሎ ያለው፣ ማይቶኮንድሪያ የተጠመጠመበት የጅራቱ መነሻም እንደ ራሱ ቀልቷል። ስፐርሞቹን ያጸናችው፣ ማለትም ባሉበት እንዲቆዩ ያደረገቻቸው፣ በቀዝቃዛ ሜታኖል ነበር። ሜታኖል ሽፋኑን ስለሚከፍተው አንቲቦዲው አክሮሶም ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ራሱ ላይ ያየችው ቆብ መሰል ብርሃን እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የጅራቱ መነሻ ግን ለኢዙሞ1 ቦታው አይደለም። በማግስቱ ከአንቲቦዲው ይልቅ፣ ምንም ዓይነት ክትባት ካልተሰጠው ጥንቸል የተወሰደ ተራ ኢሚዩኖግሎቡሊን (የአንቲቦዲዎች የወል ስም ነው) በእኩል መጠን ጨምራ እንድትሞክር ነገርኳት። ሠርታ ስትልክልኝ የራሱ ቆብ ጠፍቷል፤ የጅራቱ መነሻ ግን እንዳለ በርቶ ቀርቷል። አንዱ ብርሃን እውነት፣ ሌላው ሐሰት መሆኑ በአንድ ስላይድ ተለየ። ከዚያ ወዲህ ያ ማመሳከሪያ ያልተሠራበትን ስላይድ እኔም በላቦራቶሪያችን አልቀበልም።

እኛ የምንሠራበትን መንገድ በዝርዝር ማስቀመጥ ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከአንቲቦዲው ጋር የሚመጣው ወረቀት ስለ ስፐርም የሚለው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ከሰጡ ለጋሾች የተወሰደውን የዘር ፈሳሽ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተን እንዲቀጥን እናደርጋለን። ከዚያም 40 እና 80 በመቶ በሆኑ ሁለት የማጥለያ ድርቦች ላይ አድርገን በሴንትሪፉጅ እናሽከረክረዋለን። ይህ ደረጃ በምንም ምክንያት መዘለል የለበትም፤ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ነጭ የደም ህዋሳትና ሌሎች ክብ ህዋሳት ስላሉ፣ እነሱም አንቲቦዲን በየዋሁ ስለሚይዙ፣ ያልተጣራ ናሙና ውጤትን ያደፈርሳል። የተጣራውን ስፐርም አልቡሚንና ባይካርቦኔት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ለሦስት ሰዓት እናቆያለን። ከዚያ ለሁለት ከፍለን፣ በአንዱ ላይ ካልሲየም ወደ ውስጥ በማስገባት አክሮሶምን የሚያስከፍተውን ኤ23187 የተባለ ውህድ እንጨምራለን፤ ሌላውን ውህዱ በሟሟበት ፈሳሽ ብቻ እናቆየዋለን። ከማጽናታችን በፊትም የሞቱትን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም እንጨምራለን።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ካጸናን በኋላ ሽፋኑን ሳንከፍት 5 በመቶ የፍየል ሴረም ለአንድ ሰዓት እናደርግበታለን፤ ከዚያም የኢዙሞ1 አንቲቦዲውን በ200 እጥፍ አቅጥነን ሌሊቱን በ4 ዲግሪ እናሳድረዋለን፤ በማግስቱ ሦስት ጊዜ አጥበን የመጀመሪያውን አንቲቦዲ የሚይዝና ቀይ የሚያበራ ሁለተኛ አንቲቦዲ እንጨምራለን። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው ሽፋኑን ከፍተን ከአተር የሚገኘውንና አረንጓዴ ቀለም የተያያዘበትን ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን የምንጨምረው። ሌክቲኑ አክሮሶም ውስጥ ያለውን ስኳር ስለሚይዝ፣ ያልተከፈተ አክሮሶም እንደ ሙሉ አረንጓዴ ቆብ ይታያል፤ የተከፈተው ግን ቆቡን አጥቶ ቀጭን መቀነት ብቻ ይቀርለታል፣ ወይም ጭራሽ አይበራም። ሽፋኑ አስቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ገጽ ላይ ያለውን ኢዙሞ1 ከውስጡ መለየት አይቻልም ነበር።

በዚህ መንገድ ሲሠራ የሚታየው ነገር በእውነት የሚያምር ነው። የሰው ስፐርም ራስ ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ መቶ እጥፍ በሚያጎላው የዘይት ሌንስ መመልከት ግድ ይላል። አረንጓዴ ቆብ ያለው ስፐርም ቀይ የለውም፤ ቆቡን ያጣው ደግሞ ራሱ ቀይ ሆኖ፣ በተለይ በመካከለኛው መቀነት በኩል ደምቆ ይታያል። ሁለቱ ቀለሞች እንዲህ እየተፈራረቁ ሲታዩ አንቲቦዲው ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያለ ጥርጥር ማወቅ ይቻላል። በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ 200 ስፐርም እንቆጥራለን፤ ቆጣሪውም የትኛው ስላይድ ውህድ እንደተጨመረበት እንዳያውቅ ቁጥር ብቻ እንጽፍበታለን። በመጀመሪያው የምርት ዙር በሠራናቸው ስላይዶች ሁሉ ውህዱ በተጨመረበት ወገን ቀይ የሆኑት በግልጽ በዝተው ተገኝተዋል፤ ከሞቱት በስተቀር ቆብና ቀይ ቀለም አብረው የታዩበት ስፐርም እምብዛም አላጋጠመንም።

በዌስተርን ብሎት ላይ ደግሞ አንቲቦዲው ይበልጥ ጠንካራ ነው። የሰው ኢዙሞ1 350 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በስሌት ክብደቱ ወደ 39 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው። አንቲቦዲውን በ1000 እጥፍ አቅጥነን ስንጠቀም በዚያው አካባቢ አንድ ጥርት ያለ መስመር እናገኛለን። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሱ በላይ 50 ኪሎዳልተን ላይ ሌላ ወፍራም መስመር ይወጣ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የፕሮቲኑ ሌላ ዝርያ ነው ብላ ደምድማ፣ ስኳር የተሸከመው ዓይነት እንደሆነ ለማሳየት የኢንዛይም ሙከራ ልትጀምር ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩ አጠራጠረኝ፤ 50 ኪሎዳልተን የኢሚዩኖግሎቡሊን ከባድ ሰንሰለት ክብደት ነውና። የዘር ፈሳሽ ውስጥ የለጋሹ የራሱ ኢሚዩኖግሎቡሊን አለ፤ የተወሰነውም ከስፐርሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሁለተኛው አንቲቦዲያችን የጥንቸልን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ኢሚዩኖግሎቡሊን እየያዘ ከሆነ ይህ መስመር መውጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሙሉ በሙሉ ትተን ሁለተኛውን ብቻ በአንድ የናሙና ረድፍ ላይ ስንሞክር ወፍራሙ መስመር እንዳለ ወጣ፤ 39 ላይ ያለው ግን አልነበረም። የሰው ኢሚዩኖግሎቡሊንን እንዳይይዝ ተጠርጎ የተዘጋጀ ሁለተኛ አንቲቦዲ ገዝተን ስንተካው ችግሩ ጠፋ። ለዚህ ስህተት ዋናው ምርት ተጠያቂ አይደለም፤ ሆኖም የመረጃ ወረቀቱ ለሰው የዘር ፈሳሽ የሚሸጥ አንቲቦዲ ሆኖ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አለመያዙ ጉድለት ነው።

በሕይወት ባለ ስፐርም ላይ ለምን አልመክረውም? ምክንያቱ ከአዘገጃጀቱ ይጀምራል። ጥንቸሎቹ የተከተቡት በባክቴሪያ ውስጥ በተመረተ የኢዙሞ1 ቁራጭ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆኑት የፕሮቲኑ ቅርጾች እንደታየው፣ የኢዙሞ1 ውጫዊ ክፍል ጫፉ ላይ አራት ጠምዛዛዎች በአንድነት የታሰሩበት፣ ከሥሩ ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚመስል ክፍል ያለው፣ በሰልፈር ማሰሪያዎች የተደገፈ አካል ነው። በባክቴሪያ ውስጥ የተሠራ ቁራጭ ስኳር አይሸከምም፤ ማሰሪያዎቹም በትክክል ላይያያዙ ይችላሉ። ስለዚህ ጥንቸሏ ያመነጨችው አንቲቦዲ በአብዛኛው የሚያውቀው የተፈታውን፣ የተዘረጋውን ፕሮቲን ነው። በዌስተርን ብሎት ፕሮቲኑ በሙቀትና በሳሙና ተፈትቶ ስለሚቀርብ አንቲቦዲው ደኅና ይይዘዋል፤ በፓራፎርማልዲሃይድ የጸናውም ቅርጹን በከፊል ስለሚያጣ ይያዛል። በሕያው ስፐርም ላይ ባለው ያልተነካ ቅርጽ ላይ ግን ጉልበቱ ይደክማል። በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ህዋሳትን አንድ በአንድ አሳልፎ ብርሃናቸውን በሚለካ መሣሪያ) ስንሞክረው በውህድ የተከፈቱትና ያልተከፈቱት ስፐርሞች በግልጽ አልተለያዩልንም።

ከዚህ በላይ ደግሞ አዛይዱ አለ። ሶዲየም አዛይድ የማይቶኮንድሪያን የመተንፈሻ ሰንሰለት የሚያግድ መርዝ ነው። አንቲቦዲው የስፐርምና የእንቁላልን ውሕደት ይከለክል እንደሆነ መፈተን የሚፈልግ ሰው ይህን ብልቃጥ እንዳለ ቢጠቀም፣ ስፐርሙ መዋኘቱን ያቆመው በአንቲቦዲው ይሁን በአዛይዱ አያውቅም። ለእንዲህ ያለው ሥራ አዛይድ የሌለው ምርት ማዘዝ፣ ወይም አዛይዱን በማጣሪያ ካስወገዱ በኋላ መጀመር ያስፈልጋል። ይኸው አዛይድ በዌስተርን ብሎት የምንጠቀምበትን የፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይምም ስለሚያውክ፣ ኢንዛይሙ የተያያዘበትን አንቲቦዲ በአዛይድ ባለ ፈሳሽ ማቅጠን አይገባም።

አንቲቦዲው እውነተኛውን ፕሮቲን ማግኘቱን እንዴት አረጋገጥን የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን በኔቸር ሜተድስ መጽሔት ላይ አንቲቦዲን ለማረጋገጥ አምስት መንገዶችን አቅርቦ ነበር፤ ከነዚህም የመጀመሪያው ዘረመሉን አጥፍቶ ምልክቱ መጥፋቱን ማየት ነው። ይህ መንገድ በሰው ስፐርም ላይ ዝግ ነው። የበሰለ ስፐርም ዲኤንኤው ፕሮታሚን በተባሉ ፕሮቲኖች ተጨምቆ የታሸገ ስለሆነ ዘረመሎቹ ሥራ አቁመዋል፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዘረመል ማጥፋትም ሆነ ዝም ማሰኘት አይቻልም። ስለዚህ በተቃራኒው ሄድን፤ ኢዙሞ1 በሌላቸው ሄክ293 በተባሉ የኩላሊት ህዋሳት ውስጥ የሰውን ኢዙሞ1 ዘረመል አስገባን። ዘረመሉን የተቀበሉት ህዋሳት በአንቲቦዲው በሩ፤ ባዶ ፕላዝሚድ (ዘረመሉ የሌለበት ተሸካሚ ዲኤንኤ) የተሰጣቸው አልበሩም። ቀጥሎም ከሌላ ምንጭ የተገዛና የፕሮቲኑን ሌላ ክፍል የሚይዝ ሞኖክሎናል (አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ) አንቲቦዲ በተመሳሳይ ናሙና ላይ አስተያየን፤ የሁለቱ መስመር አንድ ቦታ ወጣ። በመጨረሻም አንቲቦዲን ጭራሽ የማይጠቀም መንገድ ሞከርን፤ የጁኖ ፕሮቲን ኢዙሞ1ን በተፈጥሮው ስለሚይዝ፣ በላቦራቶሪ የተሠራ ጁኖ ላይ ቀለም አያይዘን አክሮሶማቸው በተከፈቱ ስፐርሞች ላይ ስንጨምረው በዚያው የራስ ክፍል ተቀመጠ። በመጀመሪያው ብልቃጥ ላይ ያለኝ እምነት የመጣው ከወረቀቱ ሳይሆን ከነዚህ ሦስት ሥራዎች ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ሁለተኛውን ብልቃጥ ካዘዝን በኋላ ነው። የካታሎግ ቁጥሩ ያው ነው፣ መለያ ወረቀቱ ያው ነው፣ ዋጋው ያው ነው፤ የምርት ዙር ቁጥሩ ግን ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልጠረጠርንም። ከዚያ ግን በዌስተርን ብሎት ላይ 39 ያለው መስመር ደክሞ፣ ወደ 70 ኪሎዳልተን አካባቢ ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀው መስመር ጎልቶ መውጣት ጀመረ። የዚያኑ ሳምንት ናሙና ከመጀመሪያው ብልቃጥ በቀረችን ጥቂት አንቲቦዲ ጎን ለጎን ስንሠራው 70 ላይ ያለው መስመር አልታየም። ኢዙሞ1 በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው የሄክ293 ህዋሳት ላይ ስንሞክረው ደግሞ አዲሱ ብልቃጥ ሁለቱንም በእኩል አሳየ። ፖሊክሎናል አንቲቦዲ ከአንድ ጥንቸል ደም ያለ ገደብ አይቀዳም፤ ጥንቸሏ ስትተካ የአንቲቦዲዎቹ ስብጥርም ይለወጣል፤ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ያሳዘነኝ ለውጡን የሚያሳይ ምንም ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ፣ በወረቀቱ ላይ የተለጠፈው የዌስተርን ብሎት ሥዕልም የድሮው ዙር ሥዕል ሆኖ መቆየቱ ነው።

ለአምራቹ ስንጽፍ የመጀመሪያው መልስ ምርቱ የጥራት መመዘኛውን አልፏል የሚል ነበር። ሥዕሎቹን በሙሉ፣ የማመሳከሪያ ህዋሳቱን ጨምረን ከላክን በኋላ ነው ገንዘቡን የመለሱልን። ተመላሽ ገንዘቡ ያለፈውን የሁለት ወር ሥራ አይመልስም፤ የለጋሾቹንም ናሙና አይተካም። አንድ ሰው ፈቅዶ የሰጠን የዘር ፈሳሽ በተሳሳተ አንቲቦዲ ሲባክን ቁጭቱ ከገንዘብ በላይ ነው። አሁን ማንኛውም አዲስ ዙር ሲገባ፣ አንድም የለጋሽ ናሙና ሳይነካ፣ በሄክ293 ህዋሳት ላይ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ይፈተናል፤ የዙሩ ቁጥርም በማስታወሻ ደብተሩና በምናሳትመው ጽሑፍ ላይ ይጻፋል።

ስለ ማጓጓዝና ስለ አቀማመጥ ጥቂት ልበል፤ በተለይ ከአገር ቤት የሚያዝዙ ባልደረቦች ብዙ ጊዜ ይህን ስለሚጠይቁኝ። ብልቃጡ ወደ እኛ የመጣው በበረዶ ከረጢት ነው፤ ሲደርስ ከረጢቱ ቀልጦ ነበር፤ አንቲቦዲው ግን ምንም አልሆነም። በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን ለጥቂት ቀናት ከማቀዝቀዣ ውጭ ቢቆይ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል። ስለዚህ ጭነቱ አዲስ አበባ ላይ ጉምሩክ ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ፣ ሲረከቡ ወዲያው ከመጣል ይልቅ መፈተኑ ይሻላል። አንቲቦዲን በእርግጥ የሚጎዳው በረዶ እየሠራ ደጋግሞ መቅለጡ ነው። ይህ ምርት ግማሹ ግሊሰሮል ስለሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በረዶ አይሠራም፤ ከዜሮ በታች 80 ውስጥ ማስገባት ግን ይህን ጥቅም ያሳጣዋል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ገና እንደደረሰው በ10 በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍሎ፣ በራሱ በረዶ በማያቀልጠው የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ በቀዝቃዛ መያዣ ብረት ውስጥ ቢያስቀምጠው መልካም ነው። ብልቃጡን ከመክፈት በፊት በትንሿ ሴንትሪፉጅ ለጥቂት ሰከንድ ማሽከርከር አይርሳ፤ 100 ማይክሮሊትር ውስጥ ክዳኑ ላይ የቀረች ጠብታ ቀላል ገንዘብ አይደለችም። ዋጋው ለአንድ ብልቃጥ ከ300 ዶላር በላይ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ ላቦራቶሪ ይህ ከባድ ነው፤ በዌስተርን ብሎት ላይ ብቻ ለሚጠቀም ግን በ1000 እጥፍ ስለሚቀጥን ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ደግሞ ግልጽ ላድርግ። ልጅ መውለድ ተስኗቸው ወደ ክሊኒክ የሚሄዱ ባልና ሚስት «የፀረ ስፐርም አንቲቦዲ ምርመራ» ሊታዘዝላቸው ይችላል። ያ ምርመራ የሰውየው ወይም የሴቲቱ ሰውነት ራሱ በስፐርም ላይ ያመነጨውን አንቲቦዲ የሚፈልግ ነው፤ እዚህ የምገመግመው ግን ከጥንቸል የመጣና አንድን ፕሮቲን ለማየት የምንጠቀምበት መሣሪያ ነው። ብልቃጡ ላይ ለምርምር ብቻ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ማንም ሰው በዚህ አንቲቦዲ ስላይድ ሠርቶ ለአንድ ባልና ሚስት መካንነታቸው ከኢዙሞ1 ነው ወይም አይደለም ብሎ መናገር አይችልም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ ጊዜ ቀርቦልን ነበር፤ ጠያቂዎቹ ለብዙ ዓመታት የተንከራተቱ ሰዎች ስለነበሩ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ሆኖም ወደ ሐኪማቸው ነው የመለስኳቸው።

ሦስተኛ ብልቃጥ ከዚሁ ምርት አላዘዝኩም። ይልቁንም የአንቲቦዲው የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ታውቆ በህዋስ ውስጥ የሚመረት፣ ከዙር ወደ ዙር የማይለዋወጥ ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል አዝዤ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ከመጀመሪያው ጥንቸል ብልቃጥ የተረፈችኝ 20 ማይክሮሊትር ያህል ነች፤ እሷንም ለአዲሱ ማመሳከሪያ እንድትሆን አስቀምጫታለሁ። የሄክ293 ህዋሳቱ ዛሬ ጠዋት ዘረመሉን ተቀብለዋል፤ ከነገ ወዲያ ይጸናሉ፣ ሁለቱም አንቲቦዲዎች በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።